አሮጌው የአደን ጠመንጃ፦ በርሜሉ ይቀየር ወይስ ጠመንጃው ይተካ?

የአደን ወቅት አልቆ ጠመንጃው ተወልውሎ ወደ ሳጥኑ ሲመለስ የሚነሣ ጥያቄ አለ። መሣሪያው አርጅቷል፤ እንደ ድሮው አይመታም። በርሜሉን ላስቀይር ወይስ አዲስ ልግዛ? መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ወደ መልሱ የሚያደርሰው መንገድ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከአሜሪካ፣ በተለይም ከኮሎራዶ ነው። ዴንቨርና ኦሮራ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ናቸው፤ ከዚያም ጥቂት ሰዓት ነድቶ ኤልክና አጋዘን የሚታደንበት የሕዝብ መሬት ይገኛል። በርሜል አዝዞ በባለሙያ ማስቀየርም በዚያ አገር የተለመደ ነገር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በርሜሉ መሞቱን አረጋግጡ

«በርሜሉ አልቋል» ተብሎ ባለሙያ ዘንድ ከሚሄደው ጠመንጃ ውስጥ በርሜሉ ምንም ያልሆነ ብዙ ነው። ስለዚህ አንድም ዶላር ከመውጣቱ በፊት ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ መመርመር ያስፈልጋል።

ከመነጽሩ ጀምሩ። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዙት ቀለበቶችና መቀመጫቸው ላይ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች በየተኩሱ ምት ቀስ በቀስ ይላላሉ። በጣት ሲነኩ ጠንካራ ይመስላሉ፤ መፍቻ ሲገባባቸው ግን ሩብ ዙር የሚሄድ አይጠፋም። ያቺ ሩብ ዙር ጥይቶቹን ወዲያና ወዲህ ለመበተን በቂ ናት። መነጽሩ ራሱ ውስጡ ተሰብሮም ሊሆን ይችላል፤ ከጓደኛ ጠመንጃ ላይ ደህና መሆኑ የሚታወቅ መነጽር ተውሶ አስሮ መሞከር የሁሉም ቀላሉ ምርመራ ነው።

ቀጥሎ ከሥር እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች እዩ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከሜሪላንድ ጭጋግ ተነሥቶ የኮሎራዶ ደረቅ አየር ውስጥ የገባ ጠመንጃ ማንም ሳይነካው ብሎኖቹ ሊላሉ ይችላሉ። አንድ የዶላር ኖት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አስገብታችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። እንጨቱን ሳይነካ እንዲቆም በተሠራ በርሜል ላይ ኖቱ ሳይያዝ እስከ ሥሩ ይሄዳል። መንገድ ላይ ከተያዘ እንጨቱ በርሜሉን እየገፋው ነው ማለት ነው፤ በርሜሉ ሲሞቅ ደግሞ ግፊቱ ስለሚለዋወጥ ሦስተኛውና አራተኛው ጥይት ከመጀመሪያዎቹ ርቀው ያርፋሉ። አንዳንድ የድሮ ጠመንጃዎች ግን ሆን ተብሎ የእንጨቱ ጫፍ በርሜሉን እንዲገፋ ተደርገው የተሠሩ ናቸውና የብርጭቆ ወረቀት ከማንሣታችሁ በፊት የራሳችሁ ጠመንጃ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ።

አሁን ወደ በርሜሉ ውስጥ እንግባ። የዛሬ አረር አብዛኛው የመዳብ ልብስ የለበሰ ነው፤ በበርሜሉ ውስጥ ሲያልፍ ጥቂት መዳብ ትቶ ያልፋል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ፣ ባለቤቱም ዘይት በነካ ጨርቅ ብቻ እያበሰ ሲመልሰው፣ ጠመዝማዛዎቹ ጎድጓዳ መስመሮች በመዳብና በባሩድ ጥቀርሻ ይሞላሉ። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ ግራጫ መሆን የሚገባው ብረት ላይ ቢጫ ቀይ ጭረት ታያላችሁ። መዳብ የሚያሟሟ አሞኒያ ያለበት ፈሳሽ በጨርቅ አድርጋችሁ ስትሰዱት ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በችኩልነት የሚያጸዳ ሰው ሦስተኛው ጨርቅ ላይ ይሰለቸዋል። መጽዳት ያለበት ግን ሰማያዊው ጠፍቶ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ነው፤ ለብዙ ዓመት የተረሳ በርሜል ብዙ ዙር ይጠይቃል። ፈሳሹ ውስጥ ማቆየት የሚፈቀድበትን ጊዜ ጠርሙሱ ላይ አንብቡ፤ አሞኒያው ጠንካራ የሆነውን አሳድሮ መተው በርሜሉን ራሱን ይጎዳል። ይህን ሥራ ብቻ ሠርተው «በርሜሌ ተነሣ» የሚሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የአፈሙዙ ከንፈር ደግሞ ብቻውን ሊታይ ይገባዋል። አረሩ ከበርሜሉ ሲለቅ መጨረሻ የሚነካው ያንን ጠርዝ ነው። ጠርዙ በአንድ ወገን ቢቆረጥ ወይም ቢያልቅ፣ ከኋላ የሚገፋው ጋዝ በዚያ ወገን ቀድሞ ስለሚያመልጥ አረሩን ያጋድለዋል። እንደ ዊንቸስተር 94 ያሉ፣ በጎን በኩል የሚጎረሱና ከኋላ ዘንግ የማያስገቡ ጠመንጃዎች ሁልጊዜ የሚወለወሉት ከአፈሙዝ በኩል ስለሆነ ጠርዛቸውን የሚበላው ጥይት ሳይሆን የመወልወያው ዘንግ ነው። የአፈሙዙን ጫፍ በጥቂቱ ቆርጦ ጠርዙን እንደገና ማውጣት ለባለሙያ ትንሽ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከአዲስ በርሜል ጋር አይወዳደርም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ወደ ተኩስ ሜዳ ሂዱ። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት የፋብሪካ ጥይት ያዙ፤ አንድ ጠመንጃ አንዱን ጠልቶ ሌላውን መውደዱ የተለመደ ነው። በ100 ያርድ፣ ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፎ፣ በርሜሉ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ እየሰጣችሁ አምስት አምስት ተኩሱ። አምስቱ ቀዳዳዎች በ2 ኢንች፣ ማለትም በ5 ሴንቲሜትር ውስጥ ካረፉ ምንም የሚቀየር ነገር የለም። የአጋዘን ልብና ሳምባ ያለበት ቦታ ወደ 8 ኢንች ስፋት አለው፤ የኤልክ ደግሞ ከዚያ ይሰፋል። በ100 ያርድ 2 ኢንች የሚበትን ጠመንጃ በ300 ያርድ 6 ኢንች ይበትናል። በማስታወቂያ የምናየው «አንድ ኢንች» የገበያ ፉክክር ነው፤ አብዛኛው አዳኝ ያንን ልዩነት በሜዳ ላይ በትንፋሹና በልብ ምቱ ያጠፋዋል።

በርሜልን የሚገድለው ምንድን ነው?

ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎም ጥይቶቹ እንደ ሳህን ከሰፉ፣ ያኔ በርሜሉን መጠርጠር ተገቢ ነው።

በርሜል የሚያልቀው እኩል አይደለም። ቀድሞ የሚሄደው ጉሮሮው ነው፤ ጥይቱ ጎርሶ ከሚቀመጥበት ክፍል ወዲያው ቀጥሎ፣ ጠመዝማዛዎቹ መስመሮች የሚጀምሩበት ቦታ። ባሩዱ ሲነድ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ በዚያ ቦታ ብረቱን በቅጽበት አግሎ ይለቀዋል። ሲደጋገም ብረቱ ይሰነጣጠቃል፤ በርሜል ውስጥ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ሲታይ ክረምት ያለፈበት ጭቃ ሲደርቅ የሚያወጣውን ስንጥቅ ይመስላል። ጥቂት ስንጥቅ የሞት ፍርድ አይደለም፤ መስመሮቹ ተበልተው ርቀው ሲሸሹ ነው ጠመንጃው መበተን የሚጀምረው።

የሚያልቅበት ፍጥነት ባሩዱ ከቀዳዳው ስፋት አንጻር ምን ያህል በመሆኑ ይወሰናል። ባለሙያዎች በግምት የሚይዙት ቁጥር አለ፦ ለ.30-06 እና ለ.308 ካሊበር ከ3,000 እስከ 5,000 ጥይት፣ ለ.243 ዊንቸስተር ወደ 2,000፣ ለ7 ሚሊሜትር ረሚንግተን ማግነም ከ1,500 እስከ 2,000። ቀዝቃዛው .30-30 ግን የባለቤቱን ዕድሜ ሲያልፍ ይታያል። ቶሎ ቶሎ ተኩሶ በርሜሉን የሚያግል ሰው እነዚህን ቁጥሮች በግማሽ ሊያሳጥራቸው ይችላል።

እንግዲህ አስሉት። አንድ አዳኝ ለማስተካከያና ለአደን በዓመት 40 ጥይት ቢተኩስ፣ 4,000 ላይ ለመድረስ 100 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ የአያት ጠመንጃ በ.30-06 ከሆነና ባለቤቱ የውድድር ተኳሽ ካልነበረ፣ በተኩስ ብዛት አልቋል ማለት ያስቸግራል። የገደለው ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝገት። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ወታደራዊ የ.30-06 ጥይት ማቀጣጠያው ከተቃጠለ በኋላ በርሜል ውስጥ ጨው ይተው ነበር። ጨው ከአየር ውሃ ይስባል። ያንን ርካሽ የጦር ትርፍ ጥይት ተኩሶ በሙቅ ውሃ ሳያጥብ ያሳደረ ሰው በርሜሉን በጥቂት ቀን ውስጥ አበላሽቶታል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ብዙ ሰው የተሳሳተው እዚያ ላይ ነበር። ዝገቱ የቆፈራቸው ጉድጓዶች በአፈሙዙ አካባቢ ብቻ ከሆኑ በርሜሉን በትንሹ ማሳጠር ሊያድነው ይችላል። ከዳር እስከ ዳር ከሆኑ ግን በርሜሉ ሞቷል።

ሪሲቨሩ ይገባዋል?

በርሜሉ መሞቱ ከተረጋገጠ ጥያቄው ከበርሜሉ ወደ ሪሲቨሩ ይዞራል። ሪሲቨር ማለት በርሜሉ በጥርስ የሚታሰርበት፣ ቦልቱ የሚመላለስበት፣ መለያ ቁጥሩ የተቀረጸበት ብረት ነው። አዲስ በርሜል የምታስሩት በእሱ ላይ ስለሆነ ለዚያ ወጪ የሚበቃ መሆን አለበት። አስተማሪ ሆኜ አንድ ነገር ብቻ አስምርበት ብባል ይህንን አሰምርበታለሁ፦ በርሜል የሚያስቀይር ሰው ገንዘብ ስለሚቆጥብ አይደለም የሚያስቀይረው፤ ያንን ሪሲቨር ስለሚፈልገው ነው።

የሚገባቸው አሉ። ከ1936 ጀምሮ እስከ 1963 የተሠራው ዊንቸስተር ሞዴል 70 አንዱ ነው። ጥይቱን ከካዝናው ሲያነሣ ወዲያው ቂጡን ይዞ የሚያጎርስ ትልቅ መንቆር አለው፤ ፋብሪካው በ1964 ወጪ ለመቀነስ አሠራሩን ሲለውጥ ገዢው ተቆጥቶ ስለነበር የድሮዎቹ እስከ ዛሬ በተለየ ዋጋ ይሸጣሉ። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። እንዲህ ያለ ጠመንጃ የመጀመሪያ በርሜሉ እያለ የሰብሳቢዎች ዕቃ ነው፤ በተለይ ብዙ ባልተሠራበት ካሊበር ከሆነ በርሜሉን መቀየር ዋጋውን መጣል ነው። እንጨቱ የተቆረጠ፣ ተጨማሪ ቀዳዳ የተበሳበት፣ ቀለሙ የተቀየረ ከሆነ ግን የሰብሳቢ ዋጋው ቀድሞ ስለሄደ በደስታ ይቀየርለት።

በ1898 የወጣው ማውዘር አሠራርም ጠንካራና የተከበረ ነው። ከ1962 ጀምሮ የሚሠራው ረሚንግተን 700 መለዋወጫ የሞላለትና ባለሙያው ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ ለማስቀየር ምቹ ነው። በ1958 የወጣው ሳቬጅ 110 ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፤ በርሜሉን የሚይዘው ትልቅ ክብ ዳዶ ስላለው፣ ልኩን የሚያውቅ ጥንቁቅ ሰው በተዘጋጀ በርሜልና በመለኪያ በቤቱ ሊቀይረው ይችላል።

የማይገባቸውም አሉ፤ አንዳንዶቹማ አደገኞች ናቸው። የ1903 ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ መለያ ቁጥሩ ከ800,000 በታች ከሆነ፣ በሮክ አይላንድ የተሠራው ደግሞ ከ285,507 በታች ከሆነ፣ ብረቱ ሲጠነክር ሙቀቱ በሠራተኛ ዓይን ብቻ ይገመት ስለነበር እንደ ሸክላ የሚሰበር ሆኖ የወጣ አለ። በእንዲህ ያለው ላይ ምንም በርሜል አይታሰርም፤ ባይተኮስበትም ይሻላል። የ1893 እና የ1895 ማውዘሮችም ለዘመናቸው ለስለስ ያለ ጥይት የተሠሩ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ወደ 60,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች የሚገፋ የዛሬ ካሊበር መጫን ዕጣ መጣል ነው። ሞዴሉን በስም የማታውቁት ከሆነ ባለሙያ ሳያየው ምንም አታዙ።

የቀሩት፣ ማለትም በሱፐርማርኬት መደብሮች በርካሽ የተሸጡት ተራ ጠመንጃዎች፣ ክፉ አይደሉም፤ ለበርሜል ወጪ ግን አይበቁም።

ሂሳቡ

ዋጋ ከጊዜ ጊዜና ከባለሙያ ባለሙያ ስለሚለያይ ቁጥሮቹን በግምት ያዙልኝ። ጥሩ ስም ካለው በርሜል ሠሪ የሚገዛ በርሜል ከ350 እስከ 500 ዶላር ይሄዳል። ባለሙያው ጥርሱን አውጥቶ፣ የጥይቱን መጉረሻ ቆርጦ፣ አስሮና አፈሙዙን ጨርሶ ከ300 እስከ 500 ይጠይቃል። በርሜሉ የተለያየ ቅርጽ ካለው እንጨቱ እንደገና ይቦረቦራል፤ ብረቱ ቀለም ይፈልጋል። ሲደመር ከ700 እስከ 1,100 ዶላር ውስጥ ይወድቃል።

በዚህ ገንዘብ በሱቅ ምን ይገዛል? ሩገር አሜሪካን ወይም ሳቬጅ አክሲስ ከ400 እስከ 650 ዶላር ይገኛሉ፤ መልካቸው አያምርም፣ ፕላስቲካቸው ይንቋቋል፣ ጥይቱን ግን በሚገርም ሁኔታ አንድ ቦታ ያስቀምጣሉ። ትንሽ ጨምራችሁ ፊንላንድ ውስጥ የሚሠራው ቲካ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ቦልቱ ለስላሳ ነው፣ በትክክለኛነቱም የሚያማው ብዙ የለም። የዛሬ የፋብሪካ በርሜል ከ50 ዓመት በፊት ከነበረው በብዙ እጅ ይሻላል፤ ይህ ሂሳቡን ወደ አዲሱ የሚያዘነብል እውነት ነው።

ከገንዘቡ ሌላ ጊዜ አለ። ጥሩ ባለሙያ ወረፋ አለው፤ ወራት መጠበቅ የተለመደ ነው። የኮሎራዶ የኤልክ የጠመንጃ ወቅት በኦክቶበር ስለሚከፈት በኦገስት ባለሙያ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ዘግይቷል። በጃንዋሪ የወሰነ ግን በበጋው ልምምዱን ይጨርሳል፤ ወቅቱም ሲከፈት የጾመ ነቢያት መግቢያ ገና ሩቅ ስለሆነ ሥጋውም ሳይጾምበት ይበላል።

ሌላ ካሊበር ለማድረግ ካሰባችሁ

በርሜል መቀየር አዲስ ከመግዛት የሚበልጥበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። እንደ .300 ሳቬጅ ወይም .257 ሮበርትስ ያለ ጥይቱ ከመደርደሪያ የጠፋበት ጠመንጃ በቀላሉ ወደሚገኝ ካሊበር ሊዞር ይችላል። ሆኖም ቦልቱ ገደብ ያበጅለታል። .243፣ .270፣ .308፣ .30-06 እና 6.5 ክሪድሙር የቀለሃቸው ቂጥ አንድ ልክ ስለሆነ በአንድ ዓይነት ቦልት ፊት ላይ ይቀመጣሉ። ማግነሞቹ ቂጣቸው ሰፊ ነው፤ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው መሻገር ቦልት መቀየር ስለሚጠይቅ ትርፉ ያልቃል። የካዝናው ርዝመትም አለ፤ ለ.308 የተሠራ አጭር አካል .30-06ን አይውጥም።

ሁለተኛው ነገር የጠመዝማዛው ፍጥነት ነው። በርሜሉ ውስጥ ያሉት መስመሮች አንድ ሙሉ ዙር የሚዞሩት በስንት ኢንች ነው? ረሚንግተን በ1955 .244 የሚባል ጥይት ሲያወጣ በርሜሉን በ12 ኢንች አንድ ዙር አድርጎ ሠራው፤ ይህም ለቀላል አረር የሚስማማ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የዊንቸስተር .243 በ10 ኢንች ይዞር ስለነበር ለአጋዘን የሚፈለገውን ባለ 100 ግሬን አረር ያለችግር ይወረውራል። ገበያው ወደ ዊንቸስተር ነጎደ። ረሚንግተን በ1963 ያንኑ ቀለህ በ9 ኢንች ዙርና 6 ሚሊሜትር ረሚንግተን በሚል ስም ቢያወጣውም የሄደው ገዢ አልተመለሰም። ነገሩ ዛሬም ይሠራል። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ በአደን ላይ የእርሳስ ጥይትን ከልክላለች፤ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የሚሠራው አረር ደግሞ በተመሳሳይ ክብደት ከእርሳሱ ይረዝማል፣ ረጅም አረር ፈጣን ዙር ይፈልጋል። የድሮ በርሜላችሁ ያላለቀ ቢሆን እንኳ ለመዳብ አረር ዙሩ የዘገየ ሊሆን ይችላል።

በኮሎራዶ ለኤልክ የሚፈቀደው ቢያንስ .24 ካሊበር፣ 85 ግሬን የሚመዝንና ሲመታ የሚከፈት አረር፣ በ100 ያርድም 1,000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት ያለው ነው። ካሊበር ስትመርጡ ከዚያ በታች አትውረዱ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ

በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ «ጠመንጃ» የሚባለው ሪሲቨሩ ነው። በርሜል ዕቃ ስለሆነ በፖስታ እስከ ቤታችሁ ድረስ ሊመጣ ይችላል፤ ግዛቶች የራሳቸውን ደንብ መጨመራቸውን ግን አትርሱ። የጠመንጃ በርሜል ከ16 ኢንች በታች መሆን የለበትም፤ ሲያጥር ሌላ ፈቃድ የሚጠይቅ መሣሪያ ይሆናል፣ ያለዚያ ፈቃድ መያዝም ከባድ ወንጀል ነው። አዲስ ጠመንጃ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሲገዛ 4473 የተባለው ቅጽ ይሞላል፣ የኋላ ታሪክ ይጣራል፤ በኮሎራዶ ከ2023 ኦክቶበር ወዲህ የሦስት ቀን መጠበቂያ ተጨምሯል። አሮጌውን ለጓደኛ መሸጥም ቢሆን በዚያ ግዛት በነጋዴ በኩል ማጣራት ይፈልጋል።

ለእኛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛትና መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ፣ ለምሳሌ ተማሪ ወይም ጎብኚ፣ በመሠረቱ የተከለከለ ነው፤ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ነው። የስደተኝነት ጉዳዩ ያልተቋጨ ሰው ጠበቃ ሳያማክር የወንድሙን ጠመንጃ እንኳ ይዞ ባይወጣ ይመረጣል፤ የሚያስከትለው ከአገር እስከ መባረር ነው።

አንድ ጠመንጃ ይዘን እንወስን

በ1970ዎቹ የተሠራ ረሚንግተን 700 በ7 ሚሊሜትር ረሚንግተን ማግነም አለን እንበል። ጡረታ ከወጣ የሥራ ባልደረባ በ350 ዶላር ተገዝቷል፤ ስንት ጥይት እንደተኮሰበት አይታወቅም። ብሎኖቹ ጠብቀዋል፣ መዳቡ እስከ ነጭ ጨርቅ ጸድቷል፣ ሦስት ዓይነት ጥይት ተሞክሯል። በ100 ያርድ 4 ኢንች ይበትናል። በካሜራ ሲታይ ጉሮሮው ተሰነጣጥቆ መስመሮቹ ተበልተዋል። ካሊበሩ በርሜል የሚያስጨርስ ዓይነት ስለሆነ ምርመራው አሳማኝ ነው።

ባለቤቱ በዓመት አንድ ሳምንት ነው የሚወጣው፤ ከ300 ያርድ በላይ አይተኩስም። ሪሲቨሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሚሊዮን የተሠራ ስለሆነ ብርቅ አይደለም። ማስቀየሩ ወደ 900 ዶላር ያስወጣዋል። ቲካ ወይም መሰሉን ቢገዛ ያው 900 አካባቢ ነው፤ አሮጌውን ለሪሲቨሩ ለሚፈልገው ሰው በ300 ቢሸጥ ልዩነቱ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ የድሮ 700 ምላጭ ለብዙ ዓመት ክርክር የነበረበት ጉዳይ ነው፤ በ2014 ደግሞ ኤክስ-ማርክ ፕሮ የተባለው የኋለኛው ምላጭ በፋብሪካው ጥሪ ተሰብስቧል። ስለዚህ አሮጌውን የሚያድስ ሰው ምላጩንም በአዲስ መቀየር አለበት፤ ይህ ሌላ ከ100 እስከ 200 ዶላር ነው።

የእኔ ፍርድ፦ ይተካ። ይኸው ጠመንጃ ሳቬጅ 110 ቢሆንና ባለቤቱ እጁ የሚሠራለት ሰው ቢሆን ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ ተዘጋጅቶ የሚመጣው በርሜል 300 ወይም 400 ዶላር ነው፣ የባለሙያ ወጪም ወረፋም የለበትም። ባለቤቱ የአባቱን ጠመንጃ ልጁ እንዲያድንበት የሚፈልግ ቢሆንም ይቀየርለት፤ ሂሳቡን አውቆት እስከ ገባ ድረስ ይህም በቂ ምክንያት ነው። እኔ የምቃወመው ስሜቱን ቁጠባ ብሎ የሚጠራውን ሰው ብቻ ነው።

በልጅግ ያለው ሰው

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ የድሮ መሣሪያዎች በአስመጪዎች በኩል በአሜሪካ ገበያ ተሸጠዋል። በ1930ዎቹ ከቤልጅግ የተገዙት፣ በልጅግ የሚባሉት 7.92 ሚሊሜትር ማውዘሮች ይገኙባቸዋል፤ ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃም አለ። ብዙዎቹ ውስጣቸው የተቆፈረ፣ እንጨታቸው በሽቦና በቆርቆሮ የታሰረ ሆኖ ነው የመጡት።

እነዚህን አትንኩ። በልጅጎቹ አሠራራቸው የ1898 ማውዘር ስለሆነ አዲስ በርሜል መሸከም ይችላሉ፤ ሆኖም መነጽር ለማሰር መብሳት፣ የቦልቱን እጀታ ማጠፍ፣ ምላጩን መቀየር ሲደመር ወጪው ከአዲስ ጠመንጃ ይበልጣል፣ የሚጠፋውም ታሪክ በገንዘብ አይመለስም። ያ የተቆፈረ በርሜል በማይጨው ወይም በሸዋ በረሃ ማን እጅ እንደነበረ ማንም አያውቅም፤ እንዳለ ይቀመጥ። ልትተኩሱበት ካሰባችሁም የቦልቱ ቁጥር ከሪሲቨሩ ቁጥር ጋር መግጠሙን እዩ፣ ባለሙያም በመለኪያ ሳይፈትሸው ጥይት አታጉርሱበት። ውጅግራ በ1874 ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነውና የዛሬ ባሩድ አይገባበትም።

ለባለሙያ ከመስጠታችሁ በፊት

ለማስቀየር የወሰናችሁ እንደሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፣ ቦልቱ ሲዘጋ የጥይቱ መቀመጫ ልክ በሁለቱ መለኪያዎች መፈተኑን፦ በ«ጎ» መለኪያ ላይ ቦልቱ መዘጋት አለበት፣ በ«ኖ-ጎ» ላይ መዘጋት የለበትም። ይህንን ፊታችሁ አሳይቶ ለመፈተን የሚያንገራግር ባለሙያ ዘንድ ጠመንጃችሁን አትተዉ። ሁለተኛ፣ አዲሱ ካሊበር በበርሜሉ ላይ በግልጽ እንዲቀረጽ አድርጉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚይዘው ሰው ከድሮው ሳጥን ጥይት አውጥቶ እንዳያጎርስበት። የወጣውንም አሮጌ በርሜል መልሱልኝ በሉ፤ ንብረታችሁ ነው።